ማክሰኞና ቅዳሜ፦ ከጎጃሙ አቡ ሩሚ ስለ ለውጥ መሪነት

በወጣቶች ኅብረታችን «ለውጥ» የሚለው ቃል ሲነሣ በአብዛኛው የሚታየን ምንድን ነው? አዲስ ኪቦርድ፣ የተሻለ የድምፅ መሣሪያ፣ አጠር ያለ ስብከት፣ «ሽማግሌዎቹ አይገባቸውም» የሚል ቅሬታ። ይህን ሁሉ አልንቅም። ነገር ግን በአማርኛ ተናጋሪው ክርስቲያን ዘንድ ከታዩት ትልልቅ ለውጦች አንዱ የተጀመረው መድረክ ላይ አልነበረም። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው በማንበብ ጀመሩት። ከሁለቱ አንዱ ደግሞ የጎጃም ሰው ነበር።

አቡ ሩሚ ይባላል፤ አባ አብርሃም እየተባለም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1750 ገደማ ተወልዶ፣ ከአገሩ ወጥቶ ብዙ ምድር ከዞረ በኋላ ካይሮ ተቀመጠ። እዚያ አሰሊን ደ ሸርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሰው አገኘው። ሁለቱ ለዐሥር ዓመት፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ለእንግዳ በር ዘግተው መጽሐፍ ቅዱስን ቁጥር በቁጥር አነበቡ። በፊታቸው የነበረው የዐረብኛው ትርጉም ነው። ከባድ ቃል ሲገጥማቸው ወደ ዕብራይስጡ፣ ወደ ሱርስቱና ወደ ሰባ ሊቃናት ትርጉም ይሄዱ ነበር። አቡ ሩሚ በገዛ እጁ የጻፈው አማርኛ 9,539 ገጽ ሆነ። እርሱ በ1819 በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተሙ። አንዱንም ታትሞ አላየውም።

እስቲ ቀኑን ቁጠሩት። በሳምንት ሁለት ቀን ለዐሥር ዓመት ሳይጓደል ቢሄድ ከሺህ ቀን ያልፋል። የእኛ የለውጥ ዕቅድ ግን ብዙ ጊዜ ከአንዱ ኮንፈረንስ እስከ ሌላው ኮንፈረንስ ነው። በኮንፈረንሱ እናለቅሳለን፣ እንወስናለን፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ «ቤተ ክርስቲያኒቱ አልለወጥ አለች» እንላለን። ቤተ ክርስቲያኒቱን ከመክሰሳችን በፊት ስንት ማክሰኞ እንደ ሰጠናት ብንጠየቅ ምን እንመልሳለን?

ሁለተኛ ነገር ልብ በሉ። አቡ ሩሚ ከባዶ አልተነሣም። ከእርሱ በፊት በጉባኤ ቤት መምህራኑ ግዕዙን አንብበው በአማርኛ አንድምታውን ሲያወርዱ ኖረዋል። የዋሸራን፣ የጎንጅን፣ የዲማን ስም የቅኔ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። አማርኛ የቃሉን ምሥጢር መሸከም እንደሚችል ያሳየው ያ ትምህርት ነው። አዲሱ ነገር፣ ቃሉ ከመምህሩ አፍ ወጥቶ ተራ ሰው በገዛ ቋንቋው ሊያነብበው በሚችል ሙሉ መጽሐፍ ላይ መስፈሩ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። በዱርቤቴ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም የምንኖር ወንጌላውያን ወጣቶች ብዙዎቻችን የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጆችና ጎረቤቶች ነን። እግዚአብሔር በጎጃም ሥራ የጀመረው እኛ ስንሰበሰብ እንደሆነ አድርገን ስንናገር፣ ንግግራችን እውነትም ፍቅርም ይጎድለዋል። የእናቱን ጸሎት የሚንቅ ልጅ የሚናገረውን ወንጌል ማን ቤት ያስገባዋል?

እንግዲህ ሂስ ነውና የሥራውንም ጉድለት እንናገር። ትርጉሙ የተሠራው ከአገር ርቆ፣ ከዐረብኛ ተነሥቶ ነው። የታተመውም አማርኛ በማይነገርበት አገር ነው። ስለዚህ በኋላ የመጡ ሰዎች ደጋግመው አርመውታል፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በንጉሡ ትእዛዝ የተዘጋጀው አዲስ ትርጉም ወጣ። ይህ አቡ ሩሚን ያሳንሰዋል? እኔ አይመስለኝም። እርሱ ለሚቀጥለው ሰው የሚታረም ነገር ትቶለታል። አንዳንድ የለውጥ መሪ ግን እርማትን እንደ ዐመፅ ይቆጥራል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ወይ እንዳለ ይቀበላል፣ ወይ አፍርሶ ይጀምራል።

የኦነሲሞስ ነሲብንና የአስቴር ጋኖን ሥራም እዚህ ላይ አስቡ። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታትሟል። ኦነሲሞስ ገና በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ከአገሩ ስለ ተለየ፣ ቋንቋውን የሚገባውን ያህል እንዳላወቀ ተረዳ። አስቴርም በባርነት ያለፈች ሴት ናት፤ ነገር ግን የሕዝቡ ቃል፣ ዘፈንና ተረት በልቧ ነበር። እርሱ ከእርሷ ተቀበለ። መሪነቱ የሚታየኝ እዚህ ነው፦ የሚጎድለውን አውቆ፣ ያ ነገር ያለውን ሰው ፈልጎ አብሮ ተቀመጠ።

አሁን ይህን ሚዛን ወደ ራሳችን ዝማሬና ስብከት እናዙረው። «ቪዥን»፣ «ኮሚትመንት»፣ «ዎርሺፕ ሊደር»፣ «ሌቭላችን ይጨምራል» እንላለን። ዱርቤቴ ገበያ ውላ ወደ ጉባኤያችን ጎራ ያለች አንዲት የአቸፈር እናት ከኋላ ብትቀመጥ ስንቱ ይገባታል? የጎጃም ጆሮ ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ነው። ገበሬው እርሻውንም ክርክሩንም በተረትና ምሳሌ ያሳምራል። እኛ ግን ለዚህ ጆሮ አንድ ሐረግ ዐሥራ ሁለት ጊዜ የሚደጋግም፣ ዜማውም ቃሉም ከሌላ የተዋሰ መዝሙር እናቀርባለን። የመሣሪያው ድምፅ አድጓል፤ የሚሰማው ሰው ግን አልበዛም። አቡ ሩሚ ሺህ ቀን የለፋው ላልሰሙት እንዲሰማ ነበር። የእኛ ለውጥ ቀድሞ የሰሙትን ብቻ የሚያስደስት ከሆነ፣ ስሙ ለውጥ ቢሆንም አቅጣጫው የኋሊት ነው።

ታዲያ እንዴት እንምራ? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አንብቡ። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ መበለቶች በዕለታዊው አገልግሎት ተዘንግተው ማጕረምረም ተነሣ። ሐዋርያት «ዝም በሉ» አላሉም፤ ያጕረመረሙትም ጥለው አልወጡም። ጉባኤው ሁሉ ተጠርቶ ሰባት ሰዎች መረጠ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታው የተነሣበት ወገን አደራውን ተቀበለ ማለት ነው። ሽማግሌዎችም ወጣቶችም ከዚህ የሚማሩት አለ። ሽማግሌዎችን ጠላት አድርጎ የተነሣ ለውጥ ቢያሸንፍ እንኳ ቤቱን ከፍሎ ነው። ቅሬታ የማይሰማ ሽማግሌም የተዘነጉትን መበለቶች እንደገና ይዘነጋል።

ስለዚህ ለኅብረታችሁ አንድ ሥራ ላቅርብ። ማክሰኞና ቅዳሜን ምረጡ፤ ካልተመቻችሁ ሌላ ሁለት ቀን። ከጉባኤው አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ተማሪ አብረው ይቀመጡ። የማርቆስን ወንጌል ቁጥር በቁጥር አንብቡ። እናታችን «ይህ ምን ማለት ነው?» ያሉበትን ቃል ሁሉ ጻፉ፤ በመዝሙሮቻችን ውስጥ ያልገባቸውንም ጨምሩ። ዝርዝሩን በትሕትና ለሽማግሌዎች አቅርቡ፤ የሚቀጥለውንም መዝሙር ከዚያ ዝርዝር ተነሥታችሁ ጻፉ። ኪቦርዱን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።

ጸጋ ይብዛላችሁ።