የቮልስ መሪ፦ ጥሩ ሥራ በምን ይታወቃል?

ጥሩ የመሪ ሥራ የሚለየው መሪው ቀልሎ በመዞሩ ሳይሆን እጅ ያዘዘውን ጎማው ወዲያው፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ በመፈጸሙ ነው። የየካ ክፍለ ከተማ መንገዶች ይህን ያጋልጣሉ። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው አስፋልት ላይ ደህና የመሰለ መኪና ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ኮብልስቶን ላይ ይንኳኳል፤ ወደ 3,200 ሜትር ከሚጠጋው የእንጦጦ ከፍታ ሲወርድ ደግሞ ኩርባው ላይ ይዋልላል።

በአዲስ አበባ ዛሬም ከሚነዱት አሮጌ መኪናዎች ቮልስዋገን ቢትል፣ በከተማው አጠራር ቮልስ፣ ቀዳሚውን ስፍራ ከሚይዙት ነው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ የተሠራው መደበኛ ቮልስ የመሪ ሳጥኑ ውስጥ ጠመዝማዛ ጥርስና በእሱ ላይ የሚንከባለል ሮለር አለው። ፋብሪካው ራክ የሚባለውን ባለጥርስ አግዳሚ ዘንግ ያስገባው 1303 በተባለው የቮልስ ዓይነት ላይ፣ ያውም በ1975 ሞዴል ነው። ስለዚህ የቀደሙትን ቮልሶች ራክ ማልበስ ከፋብሪካው ያልወጣ ሥራ ነው፤ ሲመዘንም በዚያው ልክ ጠበቅ ብሎ ነው።

የባለሙያው ደረጃ ገና ቁልፍ ሳያነሳ ይታያል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ፊቱ ቀላል ነው፤ መሪው ከከበደ የታመመ ነገር አለ ማለት ነው። ሲዋልልም አንዳንዴ በሽታው ጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ ብቻ ነው። ለፊት ጎማ የሚመከረው ከ16 እስከ 18 ፒ.ኤስ.አይ. ሆኖ ሳለ እንደ ሌላው መኪና 30 የተነፋ ቮልስ ፊቱ ይንሳፈፋል። ይህን ሳይለካ ሳጥን የሚፈታ መካኒክ የባለቤቱን ገንዘብ ያባክናል።

ቀጥሎ አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ በትንሹ ሲያወዛውዝ ሌላው ከሥር ሆኖ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በእጁ ይዞ ያዳምጣል። መኪናው ተነሥቶ ጎማው በግራና በቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ከተላወሰ ጥርጣሬው ወደ መሪ ዘንጎቹ ጫፍና ወደ ሳጥኑ ይሄዳል፤ ከላይና ከታች ተይዞ ከተላወሰ ግን ኩሽኔታውን፣ ኪንግ ፒኑን ወይም፣ ከ1966 ሞዴል ወዲህ፣ ቦል ጆይንቱን መመርመር ይገባል። በመሪው ግንድና በሳጥኑ መካከል ያለችው የጎማ ዲስክ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ተሰነጣጥቃ ከሆነ ሌላው ሁሉ አዲስ ቢሆን እንኳ መሪው ይላላል። የክላክሱ መስመርም በእሷ በኩል ስለሚያልፍ ከሥራው በኋላ ክላክስ እንቢ ካለ ዲስኳ ላይ ያለችው ሽቦ ሳትታሰር ቀርታ ሊሆን ይችላል።

የመሪ ሳጥን ማስተካከል ላይ የተለመደው ስሕተት ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው። ሳጥኑ የተሠራው ጎማው ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ ጠበቅ እንዲል፣ ወደ ዳር ሲሄድ ግን እንዲላላ ነው። ጎማው ዞሮ ሳለ የጠበቀ ሳጥን መሪው ሲመለስ መሐል ላይ ይይዘዋል፤ ጥርሱም ቶሎ ይበላል። በደንብ የተስተካከለ መሪ መሐል ላይ ያለው ባዶ ዙር ጠርዙ ላይ ሲለካ ከ25 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ከኩርባ በኋላ እጅ ሲለቀውም ራሱ ወደ መሐል ይመለሳል። ከሌላ መኪና የተወሰደ ራክ ከመግጠም ይልቅ ይህን በትዕግሥት የሚሠራ እጅ ይበልጣል።

ራክ የግድ ከሆነ ዋናው ፈተና የዘንጎቹ ርዝመትና ከፍታ ነው። የቮልስ የፊት ጎማ ከፊቱ ካለ ማጠፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል እንጂ ወደ ጎን አይሸሽም። ዘንጉ አጭር ከሆነ ግን ጎማው ጉድጓድ ሲዘል ዘንጉ ይስበዋል፤ ነጂው ሳያዝ መኪናው ይታጠፋል። ለዚህ ነው ዘንጎቹ ከራኩ መሐል የሚነሡበት አሠራር ጫፍና ጫፍ ከሚነሡበት የሚሻለው። ገዢው ማረጋገጥ ከፈለገ የመኪናው ፊት ሲጫንና ሲለቀቅ የጎማዎቹን አቅጣጫ ይመልከት፤ ከተንቀሳቀሰ ሥራው አላለቀም። ራኩ በተቃራኒ ከተገጠመ ደግሞ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ጎማው ወደ ግራ ይሄዳል።

ብየዳ ምሕረት የለውም። ለማስረዘም የተበየደ የመሪ ግንድ ወይም በእሳት የተቃና ዘንግ የቱንም ያህል ቢያምር መጣል አለበት። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የመሪው ግንድ በግጭት ጊዜ እንዲታጠፍ ሆኖ የተሠራ ነው፤ በደረቅ ብረት የተካው ሰው ግንዱን ወደ ነጂው ደረት አነጣጥሮታል። ዳዶዎቹ ኮፒሊያ ሊኖራቸው ይገባል፤ ያገለገለ ኮፒሊያ አጣምሞ መመለስ የስንፍና ምልክት ነው።

የመጨረሻው ምርመራ መንገድ ላይ ነው። መጀመሪያ ዊል አላይመንት፣ ከዚያ ኮብልስቶን፣ ከዚያ የእንጦጦ ቁልቁለት በዝግታ። ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ቡሎኖቹ እንደገና ይጠበቃሉ። ለዚህ ራሱ ቀጠሮ የሚይዝ፣ ያወጣውን አሮጌ ዕቃም ለባለቤቱ የሚያስረክብ መካኒክ ሲገኝ መኪናውን ለእሱ መተው ይቻላል።