«ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዷል» ከማለታችን በፊት

ጣትዎ ላይ አንዲት ጉብታ ወጣች እንበል። ብዙም አታምም፣ ግን አትጠፋም። አሞክሳሲሊን ወሰዱ፣ ለውጥ የለም። ክሎክሳሲሊን ተቀየረልዎት፣ ያው ናት። ጭራሽ ሌሎች ጉብታዎች ተከታትለው ክንድዎ ላይ ሰልፍ ሠርተው ወደ ላይ ይወጡ ጀመር። ይሄኔ አንድ ሰው «ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዷል» ይልዎታል። የኔ ክርክር ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው።

መላመድ እውነተኛ አደጋ ነው፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን «መድኃኒቱ አልሠራም» እና «ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላመደ» አንድ አይደሉም። መድኃኒቱ ከመጀመሪያውም ያንን ባክቴሪያ የማይነካ ቢሆንስ?

ማይኮባክቴሪየም ማሪነምን እንመልከት። የቲቢና የሥጋ ደዌ ባክቴሪያዎች ዘመድ ነው። ጆሴፍ አሮንሰን በ1926 እ.ኤ.አ. ፊላዴልፊያ ውስጥ ከሞቱ የባሕር ዓሦች ለይቶ ገለጸው። ሰው ላይ ዛሬ በብዛት የሚታየው የዓሣ ገንዳ በሚያጸዱና ዓሣ በሚበልቱ ሰዎች እጅ ላይ ነው። በትንሽ ጭረት ይገባል፤ ጉብታው የሚወጣው ግን ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። ያኔ ጭረቷን ማን ያስታውሳታል? ሐኪሙ ካልጠየቀ ታካሚው በራሱ አያነሳትም።

ላብራቶሪውም ያሳስታል። ይህ ባክቴሪያ የሚመቸው 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ቀዝቀዝ የሚሉትን እጅና እግር የሚመርጠውም ለዚህ ነው። የተለመደው የቁስል ካልቸር ግን 35 ወይም 37 ዲግሪ ላይ ተቀምጦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይነበብና ይጣላል። ማሪነም ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ወረቀቱ «ምንም አልበቀለም» ብሎ ይመጣል። ወረቀቱ አልዋሸም፣ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። ስህተቱ ያንን መልስ ይዞ ወደ ሦስተኛ አንቲባዮቲክ መሄዱ ላይ ነው። በዚህ መሃል ኢንፌክሽኑ ወደ ጅማትና መገጣጠሚያ ሊዘልቅ ይችላል፤ ያኔ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልግ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። የቲቢ የቆዳ ምርመራ በዝምድናው ምክንያት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ከቲቢ መድኃኒቶች ሪፋምፒሲንና ኢታምቡቶል ማሪነም ላይ ይሠራሉ፤ ኢሶኒያዚድና ፒራዚናማይድ ግን አይረዱም።

በነገራችን ላይ፣ በኛ አገር ደጋማ ቦታዎች አንቲባዮቲክ «እምቢ» ያለው የፊት ቁስል ጨርሶ ባክቴሪያ ላይሆን ይችላል። ቁንጭርን የሚያመጣው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ጥገኛ ተህዋስ ነው።

ባዮፕሲ በየጤና ጣቢያው እንደሌለ አውቃለሁ። «እጅዎ ምን ሲሠራ ነበር? ዓሣ ነክተዋል?» ብሎ መጠየቅ ግን መሣሪያ አይፈልግም። ናሙና የሚወሰድ ከሆነም የጥያቄ ወረቀቱ ላይ «ዓሣ» ተብሎ ይጻፍ፤ ካልቸሩ 30 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቆይ። ናሙናውም ለሁለት ይከፈል፤ አንዱ ለፓቶሎጂ፣ አንዱ ለካልቸር። ሙሉው ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ባክቴሪያው ይሞታል፣ የሚበቅል ነገር አይኖርም።