ጥልቀት በጥላ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ አየር ኃይል ካሳተማቸው የጨረቃ ካርታዎች አንዱ በኮፐርኒከስ ጉድጓድ ስም ይጠራል። መስፈርቱ 1 ለ1,000,000 ነው፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ሚሊሜትር፣ ጨረቃ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር። ኮፐርኒከስ 93 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ ካርታው ላይ ከ9 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ጥልቀቱ ግን በዚሁ መስፈርት 4 ሚሊሜትር አይሞላም። የከፍታ መስመሮች ተሰምረዋል፤ ዓይን የሚያምነው ግን ጥላውን ነው።

በዚህ የጥላ ሥራ ግንባር ቀደሟ ባለሙያ ፓትሪሺያ ብሪጅስ ነበሩ። መሣሪያቸው ቀለምን በአየር ግፊት አድቅቆ የሚረጭ፣ በጣት የሚያዝ ቀጭን መርጫ ነበር። ጥላው ስስ በስስ ላይ እየተደረበ ይጠቁራል። ብርሃን የሚያስፈልገው ቦታ በኤሌክትሪክ ላጲስ ይነሣል።

መነሻው ፎቶግራፍ ነበር፤ ግን አልበቃም። የምድር አየር ስለሚናወጥ ደቃቁ ነገር ፎቶው ላይ ይደበዝዛል። ዓይን ግን አየሩ የሚረጋባትን ቅጽበት ጠብቆ ይይዛል። ስለዚህ በአሪዞና፣ ፍላግስታፍ በሚገኘው የሎዌል የኮከብ መመልከቻ፣ 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የክላርክ ቴሌስኮፕ እያዩ ዝርዝሩን ሞሉት።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የብርሃኑ ውሳኔ ነው። ፎቶ የአንድ ሰዓት ፀሐይ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላ የጉድጓዱን ግማሽ ይውጣል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ደግሞ ጥላው ጠፍቶ ወጣ ገባው ሜዳ ይመስላል። ካርታው የራሱ ፀሐይ አለችው። ብርሃኑ ሁልጊዜ ከምዕራብ ይመጣል፤ ማዕዘኑም ከየተዳፋቱ ዝንባሌ ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ቦታ ሌላውን አያጨልመውም። የጉድጓዱ ምዕራባዊ የውስጥ ግድግዳ ጠቁሯል፣ ምሥራቃዊው በርቷል። ከጠርዙ ውጪ ነገሩ ይገለበጣል። ጠርዙ ራሱ የሁለቱ ቃናዎች መጋጠሚያ ነው።

ከዚያ እርከኖቹ ይመጣሉ። ከሰማይ የወረደው አለት ጉድጓዱን ከቆፈረ በኋላ ግድግዳው በየደረጃው ተንሸራቶ ወርዷል። ካርታው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ስፋት ውስጥ እያንዳንዱ እርከን የራሱ ብሩህና ጥቁር ሰቅ አለው። መካከል ላይ፣ ምቱ የጨመቀው አለት መልሶ ሲነሣ የቀሩት ጫፎች ቆመዋል።

የካርታዎቹን ቅጂ የሂውስተኑ የጨረቃና የፕላኔቶች ተቋም በድረ ገጹ በነጻ አስቀምጧል። አጉልታችሁ ከምሥራቁ ግድግዳ ጀምሩ። ካርታውን ግን አትዘቅዝቁት፤ ብርሃኑ ከቀኝ ይሆናል፣ ዓይናችሁ ግን ከግራ የመጣ ስለሚመስለው ጉድጓዱ ጉብታ ይሆንባችኋል።