የዲስኩ ጠባቂ

የሳዑዲ ዓረቢያዋን ኮባርን ከባሕሬን ጋር የሚያገናኘው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የንጉሥ ፋህድ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1986 ከተከፈተ ጀምሮ ሲደነቅ ኖሯል፤ ይገባዋል። እኔ ግን በኮባርና በደማም ቤቶች ጎንበስ ቀና ሲሉ የሚውሉት እህቶቻችን ሳያዩት ይዘውት ስለሚዞሩት ሥራ ልጻፍ፤ ስለ ወገብ። ምንጣፍ ጠቅልሎ ደረጃ መውጣት፣ አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንትን ማገላበጥ፣ ባልዲ ማንሣት፣ ሁሉም የሚያርፈው እዚያ ነው።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ዲስክ ከጠርዙ እንጀምር። ከ15 እስከ 25 በሚደርሱ ቀጫጭን ንብርብሮች የተሠራ ቀለበት ነው። የአንዱ ንብርብር ክሮች ወደ ቀኝ ካዘነበሉ የቀጣዩ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ወገብ ሲጠመዘዝ ግማሾቹ ይወጠራሉ፣ ግማሾቹ ያርፋሉ፤ በሌላው አቅጣጫ ሲዞር ተራው ይለወጣል። መሐሉን የሞላው ውሃ ያዘለ ዝልግልግ ነገር ደግሞ ከላይ የወረደበትን ጫና በዙሪያው ላለው ቀለበት ያከፋፍላል። ቀን ላይ ውሃው ቀስ እያለ ይወጣል፤ ማታ ቁመታችን ከጠዋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ተኝተን ስናድር ይመለሳል። በረመዳን እስከ ሌሊት ማዕድ ስታሰናዳ አምሽታ ማለዳ የምትነሣ ልጅ ይህ የመመለሻ ሰዓት ነው የሚጎድልባት።

ድልድይ ሲሰነጠቅ ጠጋኝ ይላካል። የዲስክ ውስጠኛው ክፍል ግን የደም ሥር የለውም፤ ምግቡ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች እየሰረገ ነው የሚደርሰው። እንዲህ ያለ ለጥገና ያልታደለ ነገር ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ጠባቂው ማልቲፊደስ የሚባል ጡንቻ ነው። በጣት ከምንዳስሰው የጀርባ አጥንት ጉብታ ተነሥቶ ከ2 እስከ 5 አንጓ ቁልቁል ወርዶ ይታሰራል። ክሮቹ አጫጭርና ብዙ ናቸው፤ ሩቅ ለመሳብ ሳይሆን አጥብቆ ለመያዝ የተሠሩ። ከሁሉ የሚገርመኝ፣ ጎንበስ ማለት ስንጀምር የመያዝ አቅሙ መጨመሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ሙከራ ጡንቻዎቹ ሁሉ ተነሥተው አጥንት፣ ዲስክና ጅማት ብቻ የቀረው የወገብ አከርካሪ 9 ኪሎ ገደማ ሲጫንበት መቆም አቃተው። ከወገብ በላይ ያለው አካላችን ብቻውን የዚህ ብዙ እጥፍ ይመዝናል!

ሰው እስከ መጨረሻው ታጥፎ ሲቆይ ግን የጀርባ ጡንቻዎች ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ጫናው ለጅማትና ለዲስክ ይቀራል። ወለል ሲፈትጉ መዋል ክፉ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጡንቻው ሲደክም አንጓዎቹ ከልካቸው በላይ ይንሸራተታሉ፣ ንብርብሮቹም ይጎተታሉ። የተጎዳ ዲስክም በተራው ጡንቻውን ያከሳል፤ በአሳማዎች ላይ በተደረገ ሙከራ መክሳቱ በ3 ቀን ውስጥ ታይቷል። የትኛው ይቀድማል የሚለው ገና ያከራክራል፤ ለእኔ ግን ሁለቱ አንዱ ሌላውን እየጎተቱ የሚወርዱ ይመስለኛል። የከፋው፣ ሕመሙ ሲለቅ ጡንቻው በራሱ አለመመለሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ ሕመማቸው ከለቀቃቸው ሰዎች መካከል ጡንቻቸው ያገገመው በተለይ ያሠለጠኑት መሆናቸውን አሳይቷል።

ሥልጠናው ጠባብ ክፍል ውስጥም ይሠራል፤ በእጅና በጉልበት ተደግፎ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን ቀስ ብሎ መዘርጋት፣ ጥቂት መቆየት፣ ከዚያ መለወጥ። በጉልበት የሚታገሉት ሳይሆን በእርጋታ የሚያነቁት ጡንቻ ነው። እግር ከከዳ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ይህን ትቶ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ማዳም ብትቆጣም።