ሬሳው የማን ደጅ ላይ ይገኝ?

ስለ ፀረ ናዚ ትግል የሚጻፉ ብዙ ልብ ወለዶች ጀግናው ሲተኩስ ያበቃሉ። የሆላንዱ ደራሲ ሃሪ ሙሊሽ በ1982 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ጥቃቱ» ግን ከተኩሱ ነው የሚነሳው።

ጊዜው 1945 ነው፤ ሃርለም ከተማ በብርድና በረሃብ ተይዛለች። አርበኞች ለናዚ ያደረ አንድ ፖሊስ መንገድ ላይ ይገድላሉ። ሬሳው ደጃቸው የወደቀባቸው ሰዎች ጎትተው ጎረቤት ደጅ ይጥሉታል። ጀርመኖች የጎረቤቱን ቤት ያቃጥላሉ፤ እናት፣ አባትና ታላቅ ወንድም ይገደላሉ። የ12 ዓመቱ አንቶን ብቻ ይተርፋል።

ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? የተኮሰው? የጎተተው? ወይስ ያቃጠለው? ሙሊሽ ለመፍረድ አይቸኩልም። አንቶንን እስከ 1981 ተከትሎ እውነቱን ቁራሽ በቁራሽ ይሰጠዋል፤ አዲስ ቁራሽ በመጣ ቁጥር የቀደመው ፍርድ ይናጋል። ደራሲው የአይሁዳዊት እናትና ከናዚዎች ጋር የሠራ አባት ልጅ መሆኑን ስናውቅ፣ ይህ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ ይገባናል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፦ አንቶን ምስክሮቹን የሚያገኛቸው በአጋጣሚ ነው፤ አጋጣሚው ደግሞ ይበዛል። ቢሆንም ታሪካዊ ልብ ወለድ ለመጻፍ የምታስቡ ሁሉ ይህን መጽሐፍ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቱንና የጠመንጃውን ዓይነት አጣርቶ መጻፍ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ፣ የጀግንነቱን ሒሳብ ማን እንደከፈለ መጠየቅ ነው።