መነጽሬን ያየ አለ?

ሰው አርባውን ሲሻገር የዐይኑ ሌንስ እየጠጠረ የቅርቡን ማየት ያስቸግረዋል። መጀመሪያ ላይ ግን ዐይን አይወቀስም፤ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው፣ ፊደሉን ያሳነሰው አታሚው ነው። ቀጥሎ ክንድ ያጥራል። በመጨረሻ መነጽር ይገዛል፤ ያኔ ሌላ ቀልድ ይጀምራል።

ከቶሮንቶው ኢስት ዮርክ ደቡብ ጫፍ አጠገብ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ በክረምት የተቀመጠ ሰው ይህን ቀልድ በነጻ ያያል። ጋሼ በሩን ከፍተው ሲገቡ ውጭ የቀዘቀዘው መነጽራቸው በአንዴ ጉም ይለብሳል። ወዳጃቸው "በዚህ በኩል!" እስኪላቸው ድረስ የማያውቁትን ሰው ሁለት ጊዜ ትከሻ ገጭተው ደኅንነቱን ይጠይቃሉ። እትዬ ቤታቸው አክንባሎ ባነሱ ቁጥር ያው ነው። ግንባር ላይ የተሰቀለ መነጽር ፍለጋ ቤት መገልበጥማ የተለመደ ነው፤ ልጆች እያዩ ዝም ይላሉ።

ቢሆንም ይህ ዕቃ ምስጋና ይገባዋል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የቅርቡንም የሩቁንም በሚያሳይ መነጽሩ መደሰቱን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1784 ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ፈረንሳዊው በርናር ሜተናዝ በእንዲህ ያለው መነጽር መሃል የነበረውን መስመር ያጠፋ ሌንስ ለገበያ አበቃ። ለዐይን ያምራል፤ ለጀማሪ ግን የደረጃው ጠርዝ ይደበዝዛል፣ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መውረድ ግድ ነው።

መነጽር ከምርመራ ይጀምራል፤ በኦንታሪዮ 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የዐይን ምርመራ በየ18 ወሩ በክፍለ ሀገሩ የጤና መድን፣ በኦሂፕ፣ ይሸፈናል፤ ስኳር ላለባቸው በየ12 ወሩ። መነጽሩን ግን ኦሂፕ አይከፍልም።