የጠገራ ብር ምልክቶች

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ጠገራ ብር ከእናት ለልጅ ሲወራረስ ኖሮ ዛሬም ሣጥን ውስጥ የሚገኝባቸው ቤቶች አሉ። አንዳንዱ ማንጠልጠያ ተበይዶለት የአንገት ጌጥ ሆኗል፤ አንዳንዱ ከመቀነት ወጥቶ እንደተቀመጠ አለ። ያለው ሰው ብርሃን ወዳለበት አውጥቶ ቀስ ብሎ ቢያየው የሚያገኘው ነገር ብዙ ነው።

ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ጥሩ ብር ሲሆን ቀሪው መዳብ ነው። ፊቱ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። ባሏ በ1765 እ.ኤ.አ. ከሞተባት ወዲህ ከኀዘን ልብስ አልወጣችምና ቅርጽ አውጪው በክንብንብ ነው የሣላት። ክንብንቡ ከአናቷ ተነሥቶ ወደ ጀርባዋ ሲወርድ እጥፋቱ አንድ በአንድ ይታያል፤ ብረት ላይ የተቆረጠ መሆኑ ተረስቶ ጨርቅ ይመስላል። ትከሻዋ ላይ የጌጥ መርፌ አለ፤ ዙሪያውን 9 ሉሎች ከበውታል። እያንዳንዱ ሉል ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም፤ ሆኖም አንዱ ከሌላው ሳይነካካ ለብቻው ክብ ሆኖ ቆሟል። ከደረቷ በታች “ኤስ” እና “ኤፍ” የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። ሾብልና ፋቢ የተባሉ፣ በጉንዝቡርግ ብር ማተሚያ ቤት ኃላፊ የነበሩ ሰዎች የስማቸው መነሻ ነው። ጀርባውን ሲገለብጡት ሁለት ራስ ያለው ንስር ክንፉን ዘርግቶ ጋሻ በደረቱ ይዞ ይታያል፤ ላባው እንኳ ተለይቶ ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ጠርዙ ነው። “ፍትሕና ምሕረት” የሚል የላቲን ጽሑፍ ከሐረግ ጌጥ ጋር ዙሪያውን ይዞራል። ፊደላቱ ከጠርዙ ከፍ ብለው የወጡ በመሆናቸው ጣት ያገኛቸዋል። ይህ ለውበት ብቻ አልተደረገም። ከብሩ ዳር ትንሽ ትንሽ ፍቆ ለራሱ ሊያስቀር የሚፈልግ ሌባ ከሁሉ በፊት የሚያጠፋው እነዚያን ፊደላት ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ጠርዙን በጣቱ ዳስሶ ብሩ ሙሉ መሆኑን ያውቃል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ቡሬ ትልቅ የገበያ ስፍራ ነበረች። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና በእሷ በኩል ያልፍ ነበር። ለትንሹ ግብይት አሞሌ ጨው፣ ለትልቁ ጠገራ ብር ያገለግላል። ብር መርምሮ ማኅተም የሚያሳርፍ መሥሪያ ቤት በአገሩ አልነበረም፤ መርማሪው ሻጩ ራሱ ነው። ብሩን ይቀበልና የዘውዷንና የትከሻዋን ነቁጦች ይመለከታል፣ ሁለቱን ፊደላት ይፈልጋል። ነቁጡ የጠፋበትን ወይም ፊቱ ተልጦ የለሰለሰውን “አልቀበልም” ብሎ ይመልሳል። የዘመኑ የውጭ ተጓዦች በዚህ ጥንቃቄ ተማርረው ጽፈዋል። እኔ ግን ለዚያ ሻጭ ዓይን ክብር አለኝ። ሠሪው ያን ያህል ካልተጠበበበት፣ ተቀባዩም ያን ያህል ሊያምነው ባልቻለ ነበር።

ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ የታተመውም ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ወጣ፤ ዓመቱ ቢቀየር ገበያው አይቀበለውማ። አፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. በክብደትም በጥራትም የማይተናነስ፣ የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር በፓሪስ አሳትመው ነበር፤ ገጠሩ ግን ከለመደው ምልክት ቶሎ አልተላቀቀም። ጣሊያን ለወረራው ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የማተሚያውን ቅርጽ ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ አሳተመ። እንግሊዞችም በለንደንና በቦምቤይ አሳተሙ። በ1941 እ.ኤ.አ. በእንግሊዞች የሚመራው የጌዴዎን ጦር በቡሬና በደምበጫ በኩል ጎጃምን ሲያቋርጥ ይዞት የተጓዘው ገንዘብ ይኸው ነው። አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በ1945 እ.ኤ.አ. እስኪወጣ ድረስ ጠገራው ከገበያው አልወጣም።

አንጥረኞቻችን ደግሞ ሌላ ሥራ ሰጡት። ከሰሉን በወናፍ አጋግለው ብሩን ያቀልጡታል፤ ቀጥቅጠውና ስበው ቀጭን ሽቦ ያደርጉታል። ሁለቱን ሽቦ ገምደው በመስቀሉ ገጽ ላይ ያስተኙታል። ከሽቦው ቆራርጠው ከሰል ላይ ሲያግሉት ቁራጩ ራሱን ሰብስቦ ድቡልቡል ነቁጥ ይሆናል፤ በመቆንጠጫ እያነሡ በመስመር ይበይዱታል። እሳቱ ከበዛ ነቁጡም ሽቦውም አብሮ ይቀልጣል፤ ካነሰ ብየዳው አይዝም። ከጠገራው ላይ በቀጥታ ተቆርጠው የተሠሩ የአንገት መስቀሎችም አሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ የንስሩ ላባ ወይም የጠርዙ ፊደል ሳይጠፋ ቀርቷል። ወቄትም በጠገራው ክብደት ተለካ፤ የወርቁም የዝባዱም ሚዛን እሱ ሆነ።

ምልክት ካነሣን፣ በለንደን የወርቅና የብር ሠሪዎች አዳራሽ ዕቃው ተመርምሮ ማኅተም ይመታበታል፤ ሠሪውም የራሱን ምልክት ያኖርበታል። እንግሊዞች ዛሬ ለማንኛውም ነገር መለያ ጠባይ “ሆልማርክ” የሚሉት ከዚያ አዳራሽ ተነሥተው ነው። የእኛ አንጥረኞች ግን ከዚያ የማያንስ ሥራ ሠርተው ስማቸውን ሳያኖሩ አለፉ። የሩቁ አገር ሹማምንት ሁለት ፊደል እስከ ቡሬ ገበያ ሲታወቅ፣ መስቀሉን የሠራው ጎረቤታችን ግን ሳይታወቅ ቀረ። ይህ መታረም አለበት። ዛሬ በብር የምትሠሩ ወጣቶች፣ ከመስቀላችሁ ጀርባ ትንሽ ምልክታችሁን አኑሩ። የምትገዙም “ማን ሠራው?” ብላችሁ ጠይቁ። ከአያታችሁ የወረሳችሁት ጠገራ ብርም በእጃችሁ ካለ ለማቅለጫ አትስጡት።